ከወንበር እስከ ፋሲካ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎጃም ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ መስከረም 1 ቀን ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሕዝቡ ወዲያው ወደየቤቱ አይበተንም ነበር። መሪጌታው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይቆሙና የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያውጃሉ። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ወንበሩ ስንት፣ አበቅቴው ስንት፣ መጥቅዑ ስንት እንደሆነ ይናገሩና ነነዌ በዚህ ቀን፣ ዐቢይ ጾም በዚህ ቀን፣ ትንሣኤ በዚህ ቀን እያሉ ይዘልቃሉ። አብዛኛው ሰው የሚይዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ልጁን ሊድር ያሰበ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በግ ሊያደልብ ያሰበ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ከሰማ ይበቃዋል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት የማየው የመሪጌታውን አፍ ሳይሆን የአያቴን እጅ ነበር። አያቴ ከሕዝቡ መካከል ቆመው፣ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ይቆጥራሉ። መሪጌታው የተናገሩት እርሳቸው ካገኙት ጋር ሲገጥም ራሳቸውን በእርጋታ ነቅነቅ ያደርጋሉ። ሳይገጥም የቀረበትን ዓመት አላስታውስም።

አያቴ መሪጌታ አልነበሩም። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ጥቂት ቆይተው፣ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ከተማሩት ሁሉ እስከ መጨረሻ አብሯቸው የኖረው ባሕረ ሐሳብ ነው። ክረምት ሲመጣ ምድጃ ዳር ባቄላ ዘርግተው እኔንም አስተማሩኝ። «አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ እያደረግህ ግደፍ። የተረፈህን ያዝ። ከተረፈው አንድ አንሣ። በል አሁን የቀረህን በአሥራ አንድ አብዛና በሠላሳ ግደፍ።» እንዳሉኝ አደርጋለሁ፤ አበቅቴ ትወጣለች። ያን ጊዜ ዕድሜዬ አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ነገሩ ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ ሒሳብ ነው ያለኝም አልነበረም።

በ1979 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። አንድ ቀን የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። ኤፍ ኦፍ ኤክስ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት። ጂ ኦፍ ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲቀነስ አንድ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩና «ኤፍ ኦፍ ጂ ኦፍ አምስት ስንት ነው?» አሉኝ። እኔም ከግራ ወደ ቀኝ እንደተጻፈው፣ በቅድሚያ ኤፍን ሠራሁ፤ አምስት በሁለት አሥር፣ ሦስት ሲጨመር አሥራ ሦስት። ቀጥዬ ጂን ሠራሁ፤ አንድ ሲቀነስ አሥራ ሁለት። «አሥራ ሁለት!» አልኩ በልበ ሙሉነት። መልሱ ግን አሥራ አንድ ነበር። መምህሩ ለምን እንደተሳሳትኩ አልነገሩኝም። «አንተ ለዚህ ነገር ጭንቅላት የለህም፤ ተቀመጥ» ነበር ያሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ከሒሳብ ጋር አቆራረጠችኝ። በተቻለኝ ሁሉ ቁጥር ከበዛበት ትምህርት እየሸሸሁ ወደ ታሪክና ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞርኩ።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ እረፍት አገር ቤት ሄጄ ሳለሁ አያቴ «ለመሆኑ ምን ያስተምሯችኋል?» ብለው ጠየቁኝ። «ፈንክሽን» አልኳቸው። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ «ተዉት አባባ፣ ለእርስዎ አይገባዎትም» ብዬ መለስኩ። ነገሩን እያጋነንኩ አይደለም፤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሣኝም ያ መልስ ነው። ፈንክሽን ያልገባው እኔን ነበር እንጂ አያቴን አልነበረም።

* * *

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፈንክሽን የሚባለው በባሕርዩ አስፈሪ ነገር አይደለም። አንድ ነገር እንሰጠዋለን፤ በታወቀ ደንብ ይሠራበታል፤ አንድ ነገር መልሶ ይሰጠናል። በአማርኛ «አስረካቢ» ብለው የሰየሙት አሉ፤ ደግ ስም ነው። አስረካቢነቱ በይበልጥ የሚታወቀው ደግሞ አንዱ ፈንክሽን ያወጣውን ሌላው ሲቀበለው ነው። እህሉን ወፍጮ ይቀበልና ዱቄት ያስረክባል፤ ዱቄቱን ቡሃቃ ይቀበልና ሊጥ ያስረክባል፤ ሊጡን ምጣድ ይቀበልና እንጀራ ያስረክባል። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ሥራ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን እንጀራ የለም፤ ምጣድ ላይ ጤፍ በትኖ የተቆላውን ቢያስፈጭ እንጀራ የሚያገኝ የለም።

አንድ ሌላ ሕግ አለ። ፈንክሽን ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ አይሰጥም። ለሁለት ጥያቄ አንድ መልስ መስጠት ግን ይችላል። ይህም በእኛው ነገር ሲመሰል ግልጽ ነው። አንድ ዓመት ሁለት ፋሲካ የለውም፤ ፋሲካቸው ሚያዝያ 19 ቀን የሚውል ዓመታት ግን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዓመቱን የነገሩት ሰው ፋሲካውን ያገኛል፤ ፋሲካውን ብቻ የነገሩት ሰው ግን ዓመቱን እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም። ተማሪ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ የሚፈጀው ትምህርት ይኸው ነው።

አሁን የአያቴን ባቄላ እናምጣ። ሚሊኒየም ብለን የተቀበልነውን፣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰውን 2000 ዓ.ም. እንውሰድ። በ5500 ላይ 2000 ሲደመር 7500 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ይገደፋል፤ 19 ጊዜ 394 ሲባል 7486 ስለሆነ 14 ይተርፋል። ይህ ትራፊ መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ 13 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲበዛ 143 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 23 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲበዛ ደግሞ 247 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 7 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ቀጥሎ ዕለት ይፈለጋል። መጥቅዑ ከ14 በታች ከሆነ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም ይውላል። የእኛው 7 ስለሆነ ጥቅምት 7 ቀን ነው። ዕለቱን ለማወቅ የዘመን መለወጫውን ዕለት ማወቅ ያሻል። 7500 ለ4 ሲካፈል 1875 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9375፤ በ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ ነው፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ ጥቅምት 7 ደግሞ ሐሙስ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዕለት የተመደበለት ተውሳክ አለ፤ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2። የሐሙስን 3 በመጥቅዑ 7 ላይ ስንጨምር 10 ይመጣል። ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 10 ቀን ሰኞ ገባ ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 10 ሲደመር 9፣ 19። ፋሲካ ሚያዝያ 19 ቀን። የዚያን ዓመት ካላንደር ያስቀመጠ አንባቢ ካለ ያመሳክር።

ዓመቱ ለመደብ፣ መደብ ለወንበር፣ ወንበር ለመጥቅዕ፣ መጥቅዕ ለዕለት፣ ዕለት ለተውሳክ፣ ተውሳክ ለነነዌ፣ ነነዌ ለትንሣኤ አስረከበ። የዘጠነኛ ክፍሉ መጽሐፍ ሁለት ፈንክሽን ሲቀጣጥል እኔ ላቤ ጠብ ይል ነበር፤ አያቴ ግን ቆመው፣ ያለ ወረቀት፣ ሰባትና ስምንቱን ይቀጣጥሉ ነበር።

ቅደም ተከተል ቢዛባስ? ከመደቡ በመጀመሪያ አንድ ቀንሰን ነው በ11 ያበዛነው። አንድ ሰው ገልብጦት፣ በመጀመሪያ 14ን በ11 አብዝቶ 154 ካገኘ በኋላ አንድ ቢቀንስ 153 ይሆንበታል፤ በ30 ሲገድፈው አበቅቴው 3 ይሆናል። እንግዲያው መጥቅዑ 27 ነው፤ መስከረም 27 ቀን ሰኞ ይውላል፤ የሰኞ ተውሳክ 6፤ ድምሩ 33፤ በ30 ሲገደፍ 3። ነነዌን የካቲት 3፣ ፋሲካን ሚያዝያ 12 ቀን አገኘ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 12 ሆሳዕና ነበር። አገሩ ሁሉ ዘንባባ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም ይህ ሰው በግ አርዶ ጾሙን ሊገድፍ ነው። አንዲት አንድ ከቦታዋ ብትነሣ ጠቅላላ ሳምንት ትወስዳለች። እኔም ሰሌዳው ፊት የሠራሁት ጥፋት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

* * *

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? ከሰማይ ነው የመጡት። ፀሐይ ዓመቷን በ365 ቀን ከሩብ ገደማ ስትጨርስ፣ ጨረቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ሞልታ ጎድላ 354 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። አበቅቴ በየዓመቱ በ11 የሚያድገው ለዚህ ነው። ወር ደግሞ 30 ስለሚቆጠር፣ 30 የሞላው እንደ አንድ ሙሉ ወር ይገደፋል። ከ30 ላይ 11 ሲነሣ 19 ነው፤ መጥቅዕ በ19 የሚያድገውና ሁለቱ ሁልጊዜ 30 የሚሞሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሌላው 19 ደግሞ የዓመታት ቁጥር ነው። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እጅግ ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ በየ19 ዓመቱ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። አቴና ውስጥ ሜቶን የሚባል ሰው ይህን ዑደት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ለሕዝብ እንዳሳወቀ ይታወቃል፤ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። ከመደቡ አንድ የሚቀነሰው፣ የመጀመሪያው ዓመት ሳይፈጸም የሚተርፍ ቀን ስለማይኖር፣ ቆጠራው ከባዶ መጀመር ስላለበት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ባዶ «አልቦ» ይሉታል።

ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን ለመወሰን ይህን ዑደት ያደራጀችው በእስክንድርያ ነው። የእኛ ትውፊት ባሕረ ሐሳብን ለአሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ኦቶ ኖይገባወር የሚባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የግዕዝ የዘመን ቆጠራ ጽሑፎችን መርምሮ በ1979 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የእስክንድርያው አቈጣጠር በግዕዝ እንዴት ተጠብቆ እንደኖረ ለዓለም አሳይቷል። ስለዚህ «እኛ ፈለሰፍነው» ብዬ አልፎክርም። ተቀበልነው፤ በቃል አጠናነው፤ በጣት አንጓ ቆጠርነው፤ አላጠፋነውም። ይህም ቀላል ሥራ አይደለም።

ሆኖም እውነቱን መናገር ይገባል። ባሕረ ሐሳብ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም አለው፤ መደብ፣ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክ። ለደረጃዎቹ ሁሉ የሚሆን አንድ ጥቅል ስም ግን አልሰጠም። «ተቀብሎ የሚያስረክብ ሁሉ ምን ይባላል?» ብሎ አልጠየቀም። ይህን የጠየቁት ሌሎች ናቸው፤ እዚያ ለመድረስም ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ820 ገደማ ባግዳድ ውስጥ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ «አል-ጀብር» መጽሐፍ ጻፈ፤ አልጀብራ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ ምልክት የለም፤ ያልታወቀውን ቁጥር «ነገር» እያለ፣ ሁሉን በቃል ይተርካል። ልክ እንደ አያቴ ማለት ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1637፣ ፈረንሳዊው ዴካርት ያልታወቀውን በኤክስ መጻፍ አስለመደ። ከዚያም በ1673 ጀርመናዊው ላይብኒትዝ አንድ ጽሑፉ ውስጥ «ፉንክሲዮ» የሚል የላቲን ቃል ተጠቀመ። ትርጉሙ ተግባርን መፈጸም፣ ግዳጅን መወጣት ነው። በተጠማዘዘ መስመር ዙሪያ የሚሰመሩ ልዩ ልዩ መስመሮች ስለሚፈጽሙት ተግባር ሲጽፍ ነበር የተጠቀመበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ላይብኒትዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለዓመታት ደብዳቤ ሲጻጻፍ ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ማለት በ1652 ጎታ ከተማ ላይ ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ያሳተመው፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያወጣው ሰው ነው። ደብዳቤዎቻቸው የሚታወቁት ስለ ቋንቋዎች በመነጋገራቸው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ቅርበቱ ነው። ተማሪ ቤት ሳለሁ ከሌላ ዓለም የመጣ የመሰለኝን ቃል ለሒሳብ ያበረከተው ሰው፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ተማሪ ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። በ1718 የስዊሱ ዮሐን ቤርኑሊ ፈንክሽን ማለት ከተለዋዋጭ መጠንና ከቋሚ ቁጥሮች በማናቸውም መንገድ የተቀናበረ መጠን ነው ብሎ ደነገገ። የእርሱ ደቀ መዝሙር ኦይለር ደግሞ በ1734 ፒተርስቡርግ ላይ ሆኖ ኤፍን አስቀድሞ፣ የሚሠራበትን ቁጥር በቅንፍ አስከትሎ ጻፈ። እኔን ያሳቀብኝ ጽሕፈት የተወለደው ያን ጊዜ ነው። በ1748 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉም ፈንክሽንን የሒሳብ ሁሉ እምብርት አደረገው። ለኦይለር በዚያ መጽሐፍ ፈንክሽን ማለት በቀመር የሚጻፍ ነገር ነበር። እንዲህ ከሆነ የዕለታቱ ተውሳክ፣ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7 የሚለው፣ ዝርዝር እንጂ ቀመር ስላልሆነ ከደጅ ሊቀር ነው። በሩን የከፈተው ሌላው ጀርመናዊ ዲሪክሌ ነው። በ1837 የደረሰበት ሐሳብ ቀመር መኖሩ ግድ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ግቢ አንድ የታወቀ ወጪ መኖሩ ይበቃል ወደሚለው ወሰደ። ዕለት ሰጥቶ ቁጥር የሚቀበለው የአያቴ ዝርዝርም በዚህ ፍርድ ሙሉ ፈንክሽን ሆነ።

* * *

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት አርጅቼ፣ አንድ ቀን ስለ ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የተጻፈ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። ጋውስ በ1777 ከድሃ ቤተሰብ የተወለደ፣ ከሒሳብ ሊቃውንት ሁሉ ከላይኞቹ የሚቆጠር ጀርመናዊ ነው። እናቱ የተወለደበትን ቀን አላስመዘገበችም፤ ረቡዕ እንደነበረና ለዕርገት ስምንት ቀን እንደቀረው ብቻ ታስታውስ ነበር ይባላል። ዕርገት ከፋሲካ ጋር የሚሄድ በዓል ነውና፣ ልደቱን ለማወቅ የፋሲካን ሒሳብ ማወቅ ነበረበት። በ1800፣ በ23 ዓመቱ፣ በአንድ ወርኃዊ መጽሔት ላይ የፋሲካን ቀን በጥቂት መስመር የሚያወጣ ቀመር አሳተመ። ቄስም ሆነ ሰንጠረዥ ሳያስፈልግ፣ መደመርና ማካፈል የሚችል ሁሉ ይደርስበታል።

ቀመሩን አነበብኩ። የመጀመሪያው መስመር፣ ዓመተ ምሕረቱን ለ19 አካፍልና ትራፊውን ያዝ ይላል። እጄ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ቆመ። የእኛ 2000 ዓ.ም. ፋሲካ ለእነርሱ በ2008 ነው። 2008ን በ19 ገደፍኩት፤ 13 ተረፈኝ። የእኛም ወንበር 13 ነበር! ሌላ ዓመት ሞከርኩ፤ ያው ሆነ። አሁንም ሌላ፤ ያው ሆነ። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ምሽት ፈጀብኝ፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። እኛ 5500 እንጨምራለን፤ 5500 በ19 ሲገደፍ 9 ይተርፋል፤ አንድ ስንቀንስ 8 ነው። በፋሲካ ጊዜ ደግሞ የእነርሱ ዓመት ከእኛ በ8 ይበልጣል። ስለዚህ የጋውስ የመጀመሪያ ቁጥርና የእኛ ወንበር በየትኛውም ዓመት አንድ ናቸው።

ሁለተኛውን መስመር ደግሞ ልንገር። ያን ቁጥር በ19 አብዛ፣ 15 ጨምር፣ በ30 ግደፍ ይላል። ወንበርን በ19 አብዝቶ በ30 መግደፍ መጥቅዕ ነው፤ ጋውስ በላዩ 15 ጨመረበት እንጂ። 7 እና 15፣ 22 ይሆናል። ከዚህ በኋላ ዕለቱን ወደ እሑድ የሚያደርስ ሌላ ስሌት አለው፤ ለዚህ ዓመት 1 ያወጣል። ከጥንቱ የዩልዮስ አቈጣጠር መጋቢት 22 ጀምሮ 23 ቀን ስንቆጥር ሚያዝያ 14 ላይ እንደርሳለን፤ በዛሬው የፈረንጆች አቈጣጠር ኤፕሪል 27፣ 2008 ነው። ይህም የእኛው ሚያዝያ 19 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ጋውስ ከእኛ ወሰደ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ውኃ የቀዱት ከአንድ ምንጭ፣ ከእስክንድርያ ነው። ልዩነቱ ጋውስ ምልክት ስለነበረው ረጅሙን ሰንሰለት በአንድ ገጽ ላይ ዘርግቶ ማየት፣ የሚያጥረውን ማሳጠር መቻሉ ነው። ሲሳሳትም ስሕተቱ ይታያል፤ ለጎርጎርዮስ አቈጣጠር ያወጣውን ቀመር በ1816 ማረም ግድ ሆኖበታል። በቃል የተያዘ ትምህርት ታማኝ ነው፤ ምልክት ግን ጥያቄ ለመጠየቅ ይመቻል። የእኛ ሊቃውንት የጎደላቸው ብልኀት አልነበረም፤ ብልኀታቸውን ጠቅልሎ የሚይዝ ምልክት ነበር እላለሁ።

* * *

አሁን ወደዚያች ሳቅ ልመለስ። ለምን ተሳሳትኩ? አማርኛ ስለምናገር ይመስለኛል። «የአልማዝ እናት ወንድም» ስንል ከአልማዝ እንነሣለን፤ ወደ እናቷ እንሄዳለን፤ ከእናቷ ወደ ወንድሟ እንሻገራለን። የምንፈልገው ሰው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቃሉ የሚደረደረው ሥራው በሚሠራበት ተራ ነው። ኦይለር በጻፈባቸው ቋንቋዎች ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ወንድሙ ይቀድማል፣ እናቷ ትከተላለች፣ አልማዝ መጨረሻ ትመጣለች። ኤፍ ኦፍ ጂ ኦፍ አምስት ማለት፣ በአማርኛ ሥርዓት «የአምስት ጂ ኤፍ» እንደማለት ነው፤ አምስቱን ለጂ፣ ጂ ያወጣውን ለኤፍ። አምስት፣ ሲቀነስ አንድ፣ አራት፤ በሁለት ሲበዛ ስምንት፤ ሦስት ሲጨመር አሥራ አንድ። አንድ ሰው ያን ቀን «ከውስጥ ጀምረህ ወደ ውጭ ውጣ» ቢለኝ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

የሚገርመው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ይህን ግልባጭ አስቀድሞ ለምዶታል። ግዕዝ «ቤተ ክርስቲያን» ሲል ቤቱን ያስቀድማል፤ ባለቤቱ በኋላ ይመጣል። ግዕዝን ወደ አማርኛ የሚተረጉም ልጅ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ማንበብን ያውቅበታል። አያቴ ያን ሰሌዳ ቢያዩ ኖሮ እንደ ግዕዝ ያነቡት ነበር። ደግሞም የኦይለር አጻጻፍ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም፤ ከአልጀብራ ሊቃውንት መካከል ቁጥሩን አስቀድመው ፈንክሽኑን በቀኙ የሚያስከትሉ አሉ። አንድ ሰው በአንድ ዘመን የመረጠው ልማድ ነው። ልማድ መሆኑ ሳይነገረን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለተሰጠን፣ የአጻጻፍ ባዕድነት የአእምሮ ድክመት መሰለን።

ከእኔ ጋር የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ የካህን፣ የገበሬ፣ የነጋዴ ልጆች ነበሩ። ከመካከላችን ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አባት ወይም አያት ያለው ስንቱ ነበር? ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልተናገርንም። ዘመናዊው ትምህርት ቤትና ዐውደ ምሕረቱ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ተራርቀው ሳለ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ ኖረ። የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ ፈንክሽን ሲያወራ ከወንበርና ከአበቅቴ ቢጀምር ኖሮ ስንት ልጅ ከሰሌዳው ፊት አንገቱን ደፍቶ ባልተመለሰ ነበር እላለሁ።

አያቴ በ1984 ዓ.ም. ጥር ውስጥ አረፉ። የዚያን ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል መስከረም ላይ በጣታቸው ቆጥረው ነግረውን ነበር፤ እንዳሉትም ዋለ። ዛሬ እኔ ዘመን ሲለወጥ ልጄን አስቀምጬ ባቄላ እዘረጋለሁ። ወንበሩን ካወጣች በኋላ ወረቀት እሰጣትና ያደረገችውን በኤፍና በጂ እንድትጽፈው አደርጋለሁ። ባለፈው ጊዜ ቀና ብላ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ባቄላውን አያቴ እንዳስተማሩኝ ነገርኳት። ለአያቴ የሰጠሁትን መልስ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።